ከአቃቂ እስከ ዛንዚባር፦ ባሕርን ለማናውቅ መንገደኞች



ባለፈው ሰሞን ከዐሱር ሶላት በኋላ ከመስጂድ ስወጣ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በር ላይ ጠበቀኝ። ኒካሑ ሊታሰር ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። «ቲቸር፣ ከሠርጉ በኋላ ዛንዚባር ልንሄድ አስበናል። የመንገድ ዱዓውን ይጻፉልኝ። ሐላል ምግብስ እንደ ልብ ይገኛል?» አለኝ። ዱዓውን ጻፍኩለት። ስለ ምግቡም ብዙ እንዳይጨነቅ፣ የዛንዚባር ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሙስሊም መሆኑን ነገርኩት። ከዚያ በተራዬ «ዋና ትችላላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። «ኧረ ቲቸር፣ የአቃቂ ልጅ ዋና የት ይማራል? እኛ እንደው ዳር ዳሩን ነው» አለኝ።

ይህች «ዳር ዳሩን» የምትል ቃል ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለች። አቃቂ ያደገ ሰው ወንዛችንን ያውቀዋል። በበጋ ቀጭን ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ሌላ ወንዝ ይሆናል። አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ፣ አንድ መስከረም ላይ ስም ስጠራ «አቤት» ሳይል የቀረ ተማሪ ነበረኝ። ነሐሴ ላይ ደራሽ ውኃ ወስዶት ኖሯል። ሊዋኝ አልገባም፤ ዳር ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ዳር ዳሩን» የሚል ሰው ስሰማ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ዛሬ ከከተማችን ወደ ዛንዚባር የሚሄዱ ሙሽሮችና ቤተሰቦች እየበዙ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ወደዚያ ይበራል። ደሴቶቹ፣ ማለትም ትልቁ ኡንጉጃና በሰሜኑ በኩል ያለው ፔምባ፣ የታንዛኒያ አካል ሲሆኑ የራሳቸው አስተዳደር አላቸው። አዛኑን ስንሰማ፣ ሒጃቡን ስናይ ቤታችን የገባን ይመስለናል። ይህ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ግን ያዘናጋል። ስለ ዋጋ፣ ስለ ምግብና ስለ ሌባ እንጠይቃለን፤ ስለ ባሕሩ አንጠይቅም። እኛ የደጋ ሰዎች ነን። በደሴት ላይ ሕይወት ከሚያሳጡት ነገሮች አንዱ ደግሞ የማናውቀው ውኃ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ሌላውም ጥቂት ቢልም በአብዛኛው ስለ ውኃ ነው።

ተወኩልና ሰበብ

ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ ያሰበውን ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ እሰር፣ ከዚያ ተመካ ብለው እንዳስተማሩት ሁላችንም ሰምተናል። ብዙዎቻችን ያልሰማነው ሌላም አለ። ኢማም አሕመድ በዘገቡት ሐዲሥ ባሕሩ በተናወጠ ጊዜ የሚሳፈርና መከለያ በሌለው ጣሪያ ላይ የሚተኛ ሰው ራሱን ለጥፋት እንዳጋለጠ ተነግሯል። ማዕበል እያዩ መሳፈር ተወኩል አይባልም ማለት ነው። የሕይወት አድን ጃኬት ማጥበቅም የኢማን ጉድለት አይደለም። ግመልን እንደ ማሰር ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት

ቪዛውን በታንዛኒያ ኢሚግሬሽን ይፋዊ ድረ ገጽ ወይም አዲስ አበባ ባለው ኤምባሲያቸው በኩል ቀድማችሁ ጨርሱ። የአውሮፕላን ቲኬት የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደው ሕገ ወጥ የስደት መስመር በታንዛኒያ ስለሚያልፍ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ጥያቄ ሊበዛበት ይችላል። የመመለሻ ቲኬትንና የሆቴል ማረጋገጫን በወረቀት አትማችሁ ያዙ። በስልክ ብቻ አትመኩ፤ ባትሪው ያለቀበት ሰው ማስረጃ የለውም።

የቢጫ ወባ ክትባት፣ በተለምዶ «የሎ ካርድ» የምንለው፣ ከኢትዮጵያ ለሚነሣ መንገደኛ ይጠየቃል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ በሠርጉ ማግስት የሚሮጡበት ጉዳይ አይደለም። አንዴ የተከተበ ሰው ካርዱ ለዕድሜ ልኩ ያገለግለዋል። የነፍሰ ጡርና የሕፃናት ነገር ግን ሐኪም ይጠየቅበት።

ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2024) ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር እንግዳ በዚያው በዛንዚባር የመድን ድርጅት የሚሸጥ የጉዞ መድን እንዲገዛ ሕግ ወጥቷል። ሲጀመር ዋጋው ለአንድ አዋቂ 44 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ሕግና ዋጋ ይለዋወጣልና ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ።

ሻንጣችሁን ራሳችሁ እሰሩ። ሦስት ነገር አይግባበት። አንደኛ፣ ጫት። በታንዛኒያ ጫት እንደ አደንዛዥ ዕፅ የሚቆጠር ሲሆን ያስከስሳል፤ «እዚህ ይሸጣል» ማለት እዚያ አያድንም። ሁለተኛ፣ ፌስታል። ታንዛኒያም ዛንዚባርም ስስ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክለዋል፤ ዕቃችሁን በጨርቅ ቦርሳ አድርጉ። ሦስተኛ፣ የሰው አደራ። «ለዘመዴ አድርሱልኝ» የተባለ የታሸገ ነገር፣ የሰጠው ሰው የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን፣ ተከፍቶ ሳይታይ አይወሰድ።

በቴሌግራምና በቲክቶክ «ሙሉ ፓኬጅ» የሚሸጡም አሉ። እውነተኛው የንግድ ፈቃድና ደረሰኝ አለው። ከከፈላችሁ በኋላ ወደ ሆቴሉ ራሳችሁ ደውላችሁ ወይም ጽፋችሁ በስማችሁ ክፍል መያዙን ጠይቁ። ይህን ስትሉ የሚቆጣ ሻጭ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

ከአውሮፕላኑ የምንማረው

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ፤ ነዳጁ አልበቃም። ካፒቴን ልዑል አባተ ሞተሩ የጠፋበትን አውሮፕላን በሕንድ ውቅያኖስ፣ ከኮሞሮስ ደሴቶች በአንዷ በግራንድ ኮሞር ጥግ ውኃ ላይ አሳረፉት። ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ ሞቱ። በባሕር ዳርቻው የነበሩ የደሴቲቱ ነዋሪዎችና ለዕረፍት የመጡ እንግዶች በጀልባ ደርሰው ከሞት የተረፉትን አወጡ።

ከሟቾቹ መካከል ከግጭቱ በኋላ በሕይወት የነበሩ፣ ግን ጃኬታቸውን እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ የነፉ ብዙዎች ነበሩ። ውኃው ሲገባ የተነፋው ጃኬት ወደ ጣሪያው አንሳፈፋቸው፤ ወደ በሩ ዝቅ ብለው መውጣት አልቻሉም። አስተናጋጇ በየበረራው «ከአውሮፕላኑ ሳትወጡ ጃኬቱን አትንፉ» የምትለው ለዚህ ነው። እኛ ያን ጊዜ ስልክ እንነካካለን። ሁለት ደቂቃ ነው፤ ቀና ብላችሁ ስሙ። ቅርቡ በር ከእናንተ ስንት ወንበር እንደሚርቅም ቁጠሩ።

የባሕሩ ሙላትና የጨረቃችን ወር

ወንዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል። ባሕር ግን ይሄድና ይመለሳል። በዛንዚባር ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት 6 ሰዓት ያህል ነው። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል። ስለዚህ ትናንት በሰላም የዋኛችሁበት ሰዓት ዛሬ ያው አይደለም።

ይህን የሚያንቀሳቅሰው በዋነኛነት ጨረቃ ነው። እኛ ሙስሊሞች እዚህ ላይ ብልጫ አለን፤ የጨረቃን ወር እንቆጥራለን። ትልቁ ሙላትና ትልቁ ጉድለት የሚመጣው ጨረቃ በምትወለድበትና ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ነው። በሒጅራ አቆጣጠር በወሩ መባቻ ቀናትና በአያሙል ቢድ፣ ማለትም በ13፣ 14 እና 15፣ እንዲሁም ከዚያ ቀጥሎ ባሉት ቀናት ማለት ነው። በእነዚያ ቀናት በዛንዚባር በሙላትና በጉድለት መካከል እስከ 4 ሜትር የሚደርስ የከፍታ ልዩነት ሊኖር ይችላል። ወሩ 8 ወይም 22 አካባቢ ሲሆን ልዩነቱ ይቀንሳል። የጉዞ ቀን ስትመርጡ የሒጅራውን ካላንደር ማየት እንግዲህ ለጾም ብቻ አይደለም።

በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ውኃው ሲጎድል በጣም ርቆ ይሄዳል። ሴቶች የባሕር አረም የሚያለሙበት አሸዋ ይገለጣል፤ እንግዳውም ፎቶ እያነሣ ወደ ውስጥ ይገባል። አደጋው ሲመለስ ነው። ውኃው መጀመሪያ የሚሞላው ዝቅ ያለውን ቦታ ስለሆነ ከፊታችሁ ሳይሆን ከኋላችሁ፣ በእናንተና በመሬቱ መካከል ሊሞላ ይችላል። ከመግባታችሁ በፊት የሆቴሉን ሰው ወይም ዓሣ አጥማጁን «ውኃው መቼ ይመለሳል?» በሉ። ጉድለቱ አልቆ መዞር ሲጀምር እናንተም ዙሩ። በሰሜን በኩል ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ የውኃው መራቅ ስለሚያንስባቸው ለጀማሪ ይቀላሉ። ቢሆንም ባሕር ናቸው።

የሚስብ ውኃ ይዟችሁ ወደ ውስጥ ቢወስዳችሁ ወደ ዳር ፊት ለፊት አትታገሉት። ከእናንተ ይበረታል። በጀርባችሁ ተንሳፈፉ፣ ትንፋሻችሁን ሰብስቡ፣ ከቻላችሁ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆናችሁ ወደ ጎን ሂዱ። መሳቡ ሲላላ ወደ ዳር ትመለሳላችሁ። እጃችሁን አውጥታችሁ እርዳታ ጠይቁ።

ዋና ለማይችል ሰው ደንቡ አጭር ነው፦ ውኃው ከወገብ አይለፍ፣ ብቻውን አይግባ፣ ከመግሪብ በኋላ አይግባ። ልጅ ደግሞ እጃችሁን ዘርግታችሁ ከምትይዙት ርቀት አይውጣ፤ በሆቴሉ ገንዳም ቢሆን። እየሰጠመ ያለ ሰው እንደ ፊልም አይጮኽም። አፉ ውኃ ውስጥ ነው፤ ዝም ብሎ ይሄዳል።

ሌላ ሰው ሲሰጥም ካያችሁና ዋና ካልቻላችሁ ዘላችሁ አትግቡ። አንድ የነበረው ሐዘን ሁለት ይሆናል። ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን፣ ገመድ ወይም ረጅም እንጨት ወርውሩለት፤ ሰው ጥሩ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። ከባልና ሚስት አንዱ እንኳ ቢማር የሚጠቅመው ለዛንዚባር ብቻ አይደለም።

ልብስና ጫማ

እኅቶች፣ ይህን በግልጽ ልናገር። ዐባያ ወይም ጅልባብ ለብሶ ባሕር መግባት አደገኛ ነው። ጨርቁ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ እግር ላይ ይጠመጠማል። ሐያእን ለመጠበቅ ሕይወትን አደጋ ላይ መጣል አያስፈልግም። ቡርኪኒ የሚባለው ሰውነትን የሚሸፍንና ለዋና የተሠራ ልብስ አለ፤ ውኃ አይቋጥርም። ላዩ ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሰፋ ያለ ከላይ ልብስ ይደረባል። ከውኃው ስትወጡ ዐባያው ዳር ይጠብቃችሁ። ወንድሞችም ጂንስ ለብሳችሁ አትግቡ፤ ጉልበት የሚሸፍን ቀላል የዋና ቁምጣ ይበቃል።

ለእግር ደግሞ ኮንጎ ጫማ ውሰዱ፤ አትሳቁ። በምሥራቁ ዳርቻ በአሸዋውና በድንጋዩ መካከል የባሕር ጃርት የሚባል እሾኻም እንስሳ አለ። በባዶ እግር የረገጠው ሰው ቀኑን በለቅሶ ያሳልፋል። እሾኹ ከገባ እግሩን በሚቻል ሙቅ ውኃ ዘፍዝፉት፣ በወረንጦ አውጡ፣ አትቁረጡት። ጠልቆ ከገባ ወደ ክሊኒክ ሂዱ።

ጀልባና መርከብ

ጳጉሜን 5 ቀን 2003 ዓ.ም. ሌሊት «ስፓይስ አይላንደር» የተባለች መርከብ ከኡንጉጃ ወደ ፔምባ ስትሄድ ሰጠመች። ከአቅሟ በላይ ሰው ጭና ነበር። ከ200 በላይ አስከሬን ወጣ፤ ደብዛቸው የጠፋውም ብዙ ነበሩ። ዓመት ሳይሞላ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ «ስካጊት» የተባለች ሌላ መርከብ ከዳሬሰላም ወደ ዛንዚባር ስትመጣ በኃይለኛ ነፋስና ማዕበል ተገለበጠች። ብዙ ቤተሰብ አለቀ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ሙስሊም ወገኖቻችን ብዙ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው።

ከእነዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ከአቅም በላይ የጫነች ጀልባ ካያችሁ የከፈላችሁት ገንዘብ ይቅር። ከመሳፈራችሁ በፊት ጃኬቶቹን በዓይናችሁ ቁጠሩ፤ ለልጅ የልጅ መጠን መኖሩን እዩ። ጃኬቱ ከወንበር ሥር ሳይሆን ከሰውነታችሁ ላይ ይሁን፤ ማሰሪያው ተቆልፎ። ባለ ጀልባው ነፋሱን አይቶ «ዛሬ አንሄድም» ካለ አመስግኑት እንጂ አትለምኑት። ዶልፊን ለማየት ወይም ወደ ትናንሽ ደሴቶች ለመሄድ ጠዋት ውጡ፤ ጀልባ ላይ ሆናችሁ አይምሽባችሁ። ሙሳፊር ለሆነ ሰው ሶላትን ማሳጠርና ማጣመር የተፈቀደ ገር ነገር ነው። በሶላት ሰበብ በማዕበል ላይ መቻኮል አይገባም።

ስለ ወቅቱም፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት አጋማሽ ድረስ በዚያ ዋናው ዝናብ ነው። የእኛ ክረምት ለእነሱ ደረቅ ወር ነው፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይበረታልና ባሕሩ በተለይ በምሥራቅ በኩል ይናወጣል። ጥርና የካቲት ደረቅና ሞቃት ናቸው። የአየር ጋን ተሸክሞ ጠልቆ የዋኘ ሰው ደግሞ አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት አንድ ቀን ሙሉ ይጠብቅ።

ሙቀት፣ ምግብና ወባ

ከአቃቂ ቃሊቲ ስንነሣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ነው የምንወርደው። የዚያ ሙቀት እርጥበት ያለበት ነው፤ ላብ ሳይታወቅ ያደርቃል። በብዛት ጠጡ፣ ከዙህር እስከ ዐሱር ከፀሐይ ሽሹ፣ ሁለት ሦስት ከረጢት ኦ አር ኤስ ያዙ። የቧንቧ ውኃ አትጠጡ፤ የታሸገውን ተጠቀሙ፤ በረዶውም ከምን ውኃ እንደተሠራ ጠይቁ። በስቶን ታውን፣ ፎሮዳኒ በሚባለው ቦታ ማታ ማታ የሚሸጠው ዓሣ ያጓጓል። ፊታችሁ ተጠብሶ ትኩሱን ብሉ፤ ቀድሞ በስሎ የቆየውን ተዉት። ሕዝቡ ሙስሊም ነው ማለት ሁሉም ሆቴል ከአስካሪ መጠጥ የጸዳ ነው ማለት እንዳልሆነም እወቁ። ቦታ ስትይዙ ጠይቁ።

ወባ በዛንዚባር በጣም ቀንሷል፤ ግን አልጠፋም። የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ለወባ ያልተለማመደ ነው። መከላከያ መድኃኒት ያስፈልገን እንደሆነ ከጉዞው በፊት ሐኪም አማክሩ፤ በአጎበር ተኙ፤ ማታ እጅጌና እግር ሸፍኑ። ተመልሳችሁ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ቢይዛችሁ «ጉንፋን ነው» አትበሉ። «ከዛንዚባር ነው የመጣሁት» ብላችሁ ደም ተመርመሩ።

ሰዓትና ቋንቋ

አንድ የሚያስደስት ነገር አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ነው። «ሳ ምቢሊ አሱቡሂ» ማለት ጠዋት 2 ሰዓት ነው። የሆቴሉ ሰው በእንግሊዝኛ 8 ሲል፣ ባለ ጀልባው በስዋሂሊ 2 ሲል አንድ ሰዓት ነው። ስለ ሙላትና ጉድለት ስትጠይቁ በየትኛው አቆጣጠር እንደነገሯችሁ አጣሩ። ብዙ ቃላቸው ከዐረብኛ የመጣ ስለሆነ አይከብድም፦ «ሐታሪ» አደጋ፣ «ምሳአዳ» እርዳታ ነው። የአደጋ ጊዜ ስልክ 112 ነው። ቂብላውም ከእኛው ብዙ አይለይም፤ ከዛንዚባር መካ ወደ ሰሜን ናት።

አቅሙ ላልደረሰን

ዛንዚባር ለሁላችንም አይሆንም፤ ብዙዎቻችን ከቃሊቲ መናኸሪያ ተነሥተን ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ እንሄዳለን። ደንቡ ያው ነው። ሐዋሳም ሆነ ባቱ ወይም ጣና ላይ ጀልባ ስትሳፈሩ ጃኬት ጠይቁ፤ ከሌለ አትሳፈሩ። ሐይቅ ውስጥ ከመግባታችሁም በፊት የቢልሃርዝያን ነገር ከጤና ባለሙያ አጣሩ።

ተማሪዬ ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ከእጮኛው ወንድም ጋር ዋና መማር ጀምሯል፤ እሷም ከሴቶች ጋር የምትማርበት ሰዓት እየፈለገች ነው። «ቲቸር፣ ኮንጎ ጫማውንም ገዝተናል» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዱዓውን ጽፌለት ነበር፤ አሁን ግመሉም ታስሯል።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልስ። ወላሁ አዕለም።